ቅጣቱ ማን ላይ ያርፋል? በኮሌጅ ስፖርት ስለ ደንብ መጣስና ስለ ቅጣት ፍትሐዊነት የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የተከበራችሁ አሠልጣኞች፣ ውድ ተማሪዎች፤ እንደምን አመሻችሁ! በሥራ ቀን ማታ፣ ያውም ልጆቻችሁን ከልምምድ ወደ ቤት ካደረሳችሁ በኋላ፣ ስለ ሕግና ስለ ቅጣት ለመስማት ይህን አዳራሽ መሙላታችሁ አስደንቆኛል። አዘጋጆቹ በመጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ስኮላርሺፕ አገኛኘት እንድናገር ነበር። እኔ ግን ስለ ስኮላርሺፕ የሚናገር ሰው ሞልቷል፤ ስኮላርሺፑ ከተገኘ በኋላ ልጁ ባልሠራው ጥፋት ሲቀጣ ምን እንደሚሆን የሚነግራችሁ ግን ጥቂት ነው ብዬ ርእሱን አስለወጥኳቸው። ስለ ትዕግሥታቸው አመሰግናቸዋለሁ።

ለማታውቁኝ፣ እኔ እዚህ አሜሪካ የመጣሁት በሩጫ ነው። ኮሌጅ ሳለሁ አገር አቋራጭ ሮጫለሁ፤ ከተመረቅሁ በኋላ ደግሞ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የአትሌቲክስ ክፍል ውስጥ፣ አሠልጣኞችና ተማሪዎች ደንቡን መጠበቃቸውን በሚከታተለው ቢሮ ለረጅም ጊዜ ሠርቻለሁ። ስለዚህ ይህን ደንብ በሥሩ ሆኜም፣ በእጄ ይዤውም አውቀዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚህ አገር አቆጣጠር መሆናቸውንም አስቀድሜ ልናገር።

ኤንሲኤኤ ብለን የምንጠራው የኮሌጆች አትሌቲክስ ማኅበር በ1906 ሲመሠረት ትልቁ ጭንቀቱ በፉትቦል፣ ማለትም በአሜሪካውያኑ እግር ኳስ፣ ሜዳ ላይ የሚሞቱትና የሚጎዱት ተማሪዎች ጉዳይ ነበር። ገንዘብንና ምልመላን የሚቆጣጠር፣ መርምሮም የሚቀጣ አካል የሆነው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ዛሬ ከአንድ ሺህ በላይ ኮሌጆችንና ዩኒቨርሲቲዎችን ያቅፋል፤ የደንብ መጽሐፉም ወፍራም ነው። ስለ መጽሐፉ ውፍረት ግን አልመጣሁም። ሦስት ጥያቄዎችን ብቻ አነሣለሁ። አንደኛ፣ ቅጣቱ ማን ላይ ያርፋል? ሁለተኛ፣ ለተመሳሳይ ጥፋት ተመሳሳይ ቅጣት ይሰጣል ወይ? ሦስተኛ፣ ፈራጁ ማን ነው? በመጀመሪያው ላይ ብዙ ብቆይ አትዘኑብኝ፤ እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ልግባ። በ2010 ሰኔ ወር ኤንሲኤኤ የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲን፣ በተለምዶ ዩኤስሲ የምንለውን፣ የፉትቦል ቡድን ቀጣ። ክሱ ሬጂ ቡሽ የተባለው ኮከብ ተጫዋችና ቤተሰቡ ከ2004 ጀምሮ፣ ወኪሎቹ ለመሆን ከሚፈልጉ ሰዎች ገንዘብና ሌላ ጥቅም ተቀብለዋል የሚል ነበር። ቡድኑ ለሁለት ዓመት ቦውል ከሚባሉት የዓመቱ መጨረሻ ታላላቅ ጨዋታዎች ታገደ፣ 30 ስኮላርሺፖች ተቀነሱበት፣ ድሎቹም ተሰረዙ። እስቲ አብረን እናስላ። ቡሽ በ2006 ወደ ፕሮፌሽናሉ ሊግ ገብቶ ሚሊዮኖችን ማግኘት ከጀመረ አራት ዓመት ሆኖታል። አሠልጣኙ ፒት ካሮል ውሳኔው ከመውጣቱ ከጥቂት ወራት በፊት ሲያትል ሲሆክስ በሚባለው ፕሮፌሽናል ቡድን ሥራ ይዞ ሄዷል፤ በ2014 መጀመሪያም ከእነርሱ ጋር የፕሮፌሽናሉን ሊግ የፍጻሜ ጨዋታ፣ ሱፐር ቦውልን፣ አሸንፏል። ታዲያ ያን ቅጣት ለመቀበል ሜዳ ላይ የቀረው ማን ነው? በዚያ ዓመት የገባው የአሥራ ስምንት ዓመት አዲስ ተማሪ ነው። ጥፋቱ ሲፈጸም ይህ ልጅ የአሥራ ሁለት ዓመት ታዳጊ ነበር። ምናልባት የቡሽን ማልያ ለብሶ በቴሌቪዥን ያጨበጨበ ይሆናል፤ ከዚያ ያለፈ ተሳትፎ ግን አልነበረውም።

ሁለተኛ ምሳሌ ልጨምር። የኦሃዮ ስቴት ተጫዋቾች ቀለበትና ማልያ የመሰሉ የድል ማስታወሻዎቻቸውን በገንዘብና በንቅሳት ለወጡ። አሠልጣኙ ጂም ትሬሰል ነገሩን ያወቀው በ2010 የጸደይ ወራት ነው፤ አውቆም ዝም አለ፣ በኋላም በዚህ ምክንያት በ2011 ሥራውን ለቀቀ። የቦውል እገዳው ግን የተፈጸመው በ2012 ነው። በዚያ ዓመት ቡድኑ በአዲስ አሠልጣኝ አሥራ ሁለት ጊዜ ተጫውቶ አሥራ ሁለቱንም አሸነፈ። አንድም ጊዜ አልተሸነፈም! የዓመቱ ጨዋታ ሲያልቅ ግን ለዋንጫ የሚጠራው ስላልነበረ ልጆቹ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ትሬሰል በበኩሉ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሌላ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚደንት ሆነ፤ በ2025 ደግሞ የኦሃዮ ግዛት ምክትል አገረ ገዢ ሆኖ ተሾመ። ሰውየው በሕይወቱ እንዳይነሣ የምመኝ ሰው አይደለሁም። የምጠይቀው፣ አሥራ ሁለት ጊዜ ያሸነፉት ልጆች ያን ዓመት መልሰው የሚያገኙበት መንገድ አለ ወይ ብዬ ነው።

ከሁሉም ይልቅ የሚከብደኝ ግን የሉዊቪል ነገር ነው። በሉዊቪል የቅርጫት ኳስ ቡድን አንድ ሠራተኛ፣ ለምልመላ የመጡ ታዳጊዎችን ለማስደሰት ብሎ ለዓመታት ሴቶችን በገንዘብ ወደ ተጫዋቾቹ ማደሪያ ያመጣ ነበር። ነገሩ ሲጋለጥ ዩኒቨርሲቲው የማኅበሩን ውሳኔ ሳይጠብቅ በየካቲት 2016 ቡድኑን ራሱ ከፍጻሜ ውድድር አገደ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ውድድሩ ሊጀመር አንድ ወር ያህል ሲቀረው ነው። በዚያ ቡድን ውስጥ ዴሚየን ሊ እና ትሬይ ሉዊስ የሚባሉ ሁለት ተጫዋቾች ነበሩ። ሁለቱም በሌላ ዩኒቨርሲቲ ተመርቀው፣ የቀረቻቸውን አንዲት የውድድር ዓመት በዚህ ቡድን ለመጫወት የመጡ ናቸው። ጥፋቱ ሲፈጸም እዚያ አልነበሩም፣ ግቢውንም አያውቁትም። ዕድላቸው ግን አንዲት ዓመት ነበረች፤ እሷም ሄደች።

እናንተ ወላጆች ሆይ፣ ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸውን ቀድመው የሚቀጡት ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ማኅበሩ በኋላ ሲፈርድ ቅጣቱን እንዲያቀልላቸው ነው። ስለዚህ የአስተዳደር ሰዎች ተቀምጠው፣ የዘንድሮውን ቡድን ብንሠዋ የሚቀጥሉትን ዓመታት እናተርፋለን ወይ ብለው ያሰላሉ። እኔ በሠራሁበት ዓይነት ቢሮ ያለፈ ሰው ይህን ስሌት አይክድም።

እዚህ ላይ በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። ስሙን በማልጠራው ተቋም ውስጥ የአንድ የሴቶች ቡድን አሠልጣኝ በሳምንት ከተፈቀደው ሰዓት በላይ ታለማምድ ነበር፤ በምልመላም የማይፈቀድ ነገር ሠርታለች። ምርመራው ሲጀመር የተሻለ ደመወዝ አግኝታ ወደ ሌላ ቦታ ሄደች። ተቋሙ በቡድኑ ላይ የፍጻሜ ውድድር እገዳ ለመጣል ወሰነ፤ ልጆቹም ተሰብስበው ተነገራቸው። እኔ ደንቡን እንዳስረዳ ከኋላ ተቀምጫለሁ። አንዲት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ እጇን አወጣችና፣ «ከእኛ መካከል ያጠፋችው ማን ናት?» ብላ ጠየቀች። ኃላፊው በትሕትና፣ «ማናችሁም አላጠፋችሁም፤ ቅጣቱ የተጣለው በተቋሙ ላይ እንጂ በእናንተ ላይ አይደለም» አላት። ልጅቱም፣ «ታዲያ ቅዳሜ የሚጫወተው ተቋሙ ነው እንዴ?» አለችው። እኔ የያዝኩትን የማስረጃ ወረቀት አጥፌ ወደ ቦርሳዬ መለስኩት። እሷ ለጠየቀችው የሚሆን አንቀጽ እዚያ ውስጥ አልነበረም።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ደንቡ «ተቋም» ብሎ ይጽፋል፤ ተቋም ግን አይሮጥም፣ ኳስ አያነጥርም፣ ጉልበቱ አይቆስልም። ከውድድር ማገድ የሚባለው ቅጣት የሚያርፈው በአካል በሜዳው ላይ በተገኘው ሰው ላይ ብቻ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ በአራት ዓመት ውስጥ ገብቶ የሚወጣ ተማሪ ነው። ምርመራውና ይግባኙ ግን አራትም አምስትም ዓመት ይፈጃሉ። እንግዲህ ጥፋትና ቅጣት በአንድ ሰው ላይ የመገናኘት ዕድላቸው ምን ያህል ነው? ስሌቱን ለእናንተ እተወዋለሁ።

እዚህ ላይ አንድ አባት በሻይ ሰዓት ያነሡልኝን ተቃውሞ ላቅርብ፤ ተገቢ ተቃውሞ ነውና። «ልጄ፣ ተቋሙ ካልተቀጣማ አንዱን ረዳት አሠልጣኝ መሥዋዕት አድርጎ እየሰጠ ጥፋቱን ይቀጥልበታል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኔም ተቋም አይቀጣ ከሚሉት ወገን አይደለሁም። የሳውዘርን ሜተዲስት ዩኒቨርሲቲ፣ ማለትም የኤስኤምዩ ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። በዳላስ ያለው ይህ ዩኒቨርሲቲ በተደጋጋሚ ከተቀጣ በኋላም፣ በ1985 እና በ1986 ለአሥራ ሦስት የፉትቦል ተጫዋቾች በአንድ ደጋፊ ባለሀብት ገንዘብ 61 ሺህ ዶላር ያህል ተከፍሏል። ክፍያው እንዲቀጥል ከተስማሙት አንዱ ቀድሞ የዩኒቨርሲቲው ቦርድ ሰብሳቢ የነበሩት ቢል ክሌመንትስ ናቸው፤ ይህን በ1987 በይፋ ሲያምኑ የቴክሳስ አገረ ገዢ ነበሩ። እንዲህ ያለውን ጥፋት አንድ ረዳት አሠልጣኝ በማባረር ማረም አይቻልም፤ ጥፋቱ ከላይ እስከ ታች የተቋሙ ነበርና።

የተወሰደው እርምጃ በዚህ አገር «የሞት ቅጣት» ተብሎ የሚጠራው ነው። የ1987 የውድድር ዓመት ሙሉ በሙሉ ተሰረዘ፤ በ1988 ከሜዳው ውጪ ብቻ እንዲጫወት ቢፈቀድለትም ዩኒቨርሲቲው ያንንም ዓመት ሳይጫወት አለፈው። ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች የመጡ አሠልጣኞች በግቢው ተሰልፈው ተጫዋቾቹን መለመሉ። ቡድኑ በ1989 ቢመለስም እንደገና ለቦውል ጨዋታ የበቃው በ2009 መጨረሻ ነው። ከዚያ ወዲህ ይህ ቅጣት በትልልቆቹ የፉትቦል ቡድኖች ላይ ዳግም አልተፈጸመም፤ ብዙዎች የሚሉት ማኅበሩ ራሱ ያደረገውን አይቶ ደነገጠ ነው። ክሌመንትስ ግን እስከ 1991 አገረ ገዢ ሆነው ዘመናቸውን ጨረሱ። ተቋሙ ተቀጣ ብንል እንኳ፣ ያጠፋው ሰው ከቦታው አልተነቃነቀም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልሻገር። ለተመሳሳይ ጥፋት ተመሳሳይ ቅጣት ይሰጣል ወይ? በመስከረም 2017 የፌዴራል ምርመራ ቢሮው፣ ኤፍቢአይ፣ በኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ውስጥ የጉቦ መረብ ማግኘቱን ይፋ አደረገ። ከተያዙት አንዱ የኦክላሆማ ስቴት ረዳት አሠልጣኝ ነበር። ሃያ ሺህ ዶላር ያህል ጉቦ የተቀበለው ለራሱ ኪስ ነው። ዩኒቨርሲቲው ወዲያው አባረረው፣ ከመርማሪዎቹ ጋርም ተባበረ፣ ጉዳዩንም በተለመደው መንገድ ቶሎ ለማስጨረስ መረጠ። የተሰጠው መልስ የአንድ ዓመት የፍጻሜ ውድድር እገዳ ነው። ይግባኙም በኅዳር 2021 ወድቆ ቡድኑ በ2022 ቤቱ ተቀመጠ። በዚያው ምርመራ ስሙ የተነሣው የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ግን ጉዳዩን ለሌላ ገለልተኛ ችሎት ወስዶ ተከራከረ፤ ክርክሩም ዓመታት ፈጀ። ኦክላሆማ ስቴት ቤቱ በተቀመጠበት በ2022 ካንሳስ የአገሪቱን ሻምፒዮናነት ወሰደ። በጥቅምት 2023 ውሳኔው ሲወጣ ካንሳስ የ2018 ድሎቹ ተሰረዙበት እንጂ ከወደፊት ውድድር አልታገደም።

እኔ ካንሳስ መታገድ ነበረበት አልልም፤ ልጆቹን አግዱ ብዬ ብናገር እስካሁን ያልኩትን ማፍረሴ ነው። የምለው፣ ቶሎ የታዘዘው በጅራፍ፣ ያዘገየው በምክር ከታለፈ፣ ነገ ጠበቃ ሁሉ ለደንበኛው የሚመክረው ምንድን ነው? «አትተባበር፤ ጊዜ ግዛ» ነው የሚለው። ቅጣት የሚያስተምረው ትምህርት አለ፤ ይህ ቅጣት ያስተማረው ይህንን ነው።

ለብዙ ዓመታት ከኤንሲኤኤ ጋር የተካሰሰው የላስ ቬጋሱ አሠልጣኝ ጄሪ ታርካኒያን በ1980ዎቹ መጨረሻ ለቀልድ የተናገረው ነገር አለ፤ ማኅበሩ በኬንታኪ በጣም ስለ ተናደደ የክሊቭላንድ ስቴትን ቅጣት በሁለት ዓመት ያራዝመዋል አለ። እኛ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የምንለው ነው። ኬንታኪ ታላቅ ስም ያለው ቡድን ነው፣ ክሊቭላንድ ስቴት ግን ትንሽ ነው። ቀልዱ ሁልጊዜ ልክ አይደለም፤ ዩኤስሲም ኦሃዮ ስቴትም ትልልቅ ሆነው ተቀጥተዋል። ነገር ግን በትናንሽ ኮሌጆች የሚሠራ ሰው ሁሉ ይህን ቀልድ ሰምቶ አንገቱን ይነቀንቃል።

ስለ ጥፋቱ ክብደትም አንድ ነገር ልበል። በ2014 የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ሦስት ተጫዋቾቹ በምረቃ ግብዣ ላይ ከተፈቀደው በላይ ፓስታ በልተዋል ብሎ ራሱን ለማኅበሩ አመለከተ፤ ልጆቹም እያንዳንዳቸው 3 ዶላር ከ83 ሳንቲም ለበጎ አድራጎት እንዲሰጡ ተደረገ። አትሳቁ፤ እንዲህ ያሉ ሪፖርቶችን እኔም በገዛ እጄ ጽፌያለሁ። በሌላ በኩል በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ፣ በቻፕል ሂል፣ ከ1993 እስከ 2011 ድረስ መምህር የማይገባባቸው፣ አንድ ጽሑፍ አስገብቶ ጥሩ ውጤት የሚወሰድባቸው የይስሙላ ትምህርቶች ነበሩ። በ2014 የወጣው ገለልተኛ ሪፖርት ከ3 ሺህ በላይ ተማሪዎች እንደ ወሰዷቸው፣ ግማሽ ያህሉም አትሌቶች እንደ ነበሩ ገልጿል። ኤንሲኤኤ ሲመረምር ቆይቶ በ2017 ዩኒቨርሲቲውን በዚህ አልቀጣውም። ምክንያቱስ? ትምህርቶቹ ለአትሌቶች ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም ተማሪ ክፍት ስለ ነበሩ፣ ለአትሌት የተለየ ጥቅም ተሰጠ ለማለት ደንቡ አይፈቅድም ተባለ። በደንቡ ፊደል ካያችሁት ክርክሩ ያስኬዳል። ኮሌጅ የሚባለው ነገር ለምን እንደ ተፈጠረ ካሰባችሁ ግን፣ የተበደለው ተማሪው ራሱ ነው፤ ዲግሪ ይዞ ወጣ፣ ትምህርት ግን አላገኘም። ለፓስታው አንቀጽ ተገኘ፣ ለዚህ አልተገኘም።

እኔ ተማሪ ሳለሁ ከውጭ አገር የመጣ የቡድናችን ልጅ እናቱ ሞተችበት። የአውሮፕላን ቲኬት መግዣ አልነበረውም። አሠልጣኛችን ደግ ሰው ነበር፤ ከኪሱ ቢያወጣ ግን ያልተፈቀደ ጥቅም ሰጠ ተብሎ ልጁ ከውድድር ሊታገድ ይችል ስለ ነበር፣ እጁን አስሮ ወረቀት እስኪፈቀድ መጠበቅ ነበረበት። እኛ የቡድን ጓደኞቹ ግን ደንቡን ስላላወቅን ያለንን አዋጥተን ላክነው። ያን ቀን ደንብ አለማወቅ ጠቀመን፤ ይህን ስናገር የቀድሞ ሥራዬን የሚያውቁ አንዳንዶች ፈገግ እንደሚሉ አያለሁ። የምለው ግን ቀልድ አይደለም። ደንብ ርኅራኄን ከጉቦ ለይቶ ማየት ካልቻለ ሰዎች ያከብሩት ዘንድ መጠበቅ ከባድ ነው። በኋላ ይህ ተሻሽሏል፤ በ2014ም ኮሌጆች ለአትሌቶቻቸው ያለ ገደብ ምግብ እንዲያቀርቡ ተፈቅዷል።

ሦስተኛው ጥያቄ ፈራጁ ማን ነው የሚል ነበር፤ በዚህ ላይ አላረዝምም። ቀደም ብዬ የጠቀስኩት ታርካኒያን ማኅበሩ በሚገባ ሳይሰማኝ ፈረደብኝ ብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በ1988፣ በአምስት ለአራት ድምፅ፣ ኤንሲኤኤ የግል ማኅበር እንጂ የመንግሥት አካል ስላልሆነ በሕገ መንግሥቱ የተደነገገው ተገቢ የሕግ ሥርዓት አይመለከተውም ብሎ ወሰነ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። በትራፊክ ጥፋት የተከሰሰ ሰው ያለው ሕገ መንግሥታዊ ዋስትና፣ ሙሉ የስፖርት ሕይወቱ ሊበላሽበት ለሚችል ተማሪ የለውም። ውሳኔውን የሚሰጠው ኮሚቴም በብዛት የተዋቀረው ከአባል ኮሌጆችና ከሊጎቻቸው በመጡ ሰዎች ነው፤ ቅን ሰዎች ናቸው፣ ብዙዎቹን አውቃለሁ፣ ግን ዛሬ የሚፈርዱበት ኮሌጅ ነገ ተፎካካሪያቸው ሊሆን ይችላል። ያን ለማስተካከል ነበር ከ2018 በኋላ ገለልተኛው ችሎት የተቋቋመው፤ እጅግ በመንቀርፈፉም ጥቂት ጉዳዮችን ብቻ አይቶ ተዘጋ።

እንግዲህ ምን ተለወጠ? በቅርብ ዓመታት አንድ ትልቅ ነገር ተለውጧል። በሐምሌ 2023 የቴኔሲ ዩኒቨርሲቲ ፉትቦል ቡድን ከ200 በላይ ጥሰቶች ተገኝተውበት፣ አሥራ ስምንቱም በከባዱ ደረጃ ተመድበው፣ ከቦውል ጨዋታ አልታገደም። በምትኩ 8 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፣ ስኮላርሺፖችም ተቀነሱበት፤ የቀድሞው አሠልጣኝ ጀረሚ ፕሩዊትም ማንኛውም ኮሌጅ ለማኅበሩ ምክንያቱን ሳያስረዳ እንዳይቀጥረው የሚያደርግ የስድስት ዓመት እገዳ ተጣለበት። ኮሚቴው የተመራው በጥፋቱ ያልተሳተፉ ተማሪዎች አይቀጡ በሚለው አዲስ መርሕ ነው። በነሐሴ 2025 የሚሺጋን ጉዳይም በዚሁ መንገድ ተፈረደ። የተቃራኒ ቡድኖችን ምልክት በተከለከለ መንገድ እየሰለለ የሚያመጣ ሠራተኛ ነበረው፤ ኮሚቴው የብዙ ዓመት እገዳ የሚያስጥል ጥፋት ነው ካለ በኋላ፣ የዛሬዎቹን ተማሪዎች በሄዱ ሰዎች ጥፋት መቅጣት ፍትሐዊ አይሆንም ብሎ፣ ከሃያ ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደሚደርስ የተገመተ የገንዘብ ቅጣት ጣለ።

ደስ ሊለኝ ይገባል፤ ደስም ይለኛል። ነገር ግን ሁለት ጥያቄ አለኝ። የመጀመሪያው፣ ያ ገንዘብ ከየት ይወጣል የሚል ነው። ከአትሌቲክሱ በጀት ነው የሚወጣው። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚነካው ፉትቦሉ እንዳልሆነ እኛ ሯጮች፣ ዋናተኞቹና የሜዳ ቴኒስ ተጫዋቾቹ እናውቃለን። ስለዚህ ቅጣቱ ከአንዱ ንጹሕ ልጅ ተነሥቶ ወደ ሌላው ንጹሕ ልጅ እንዳይዛወር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የገንዘብ ቅጣት የሚጣል ከሆነ ራሱ ጥፋቱ ካስገኘው ገቢና ከአሠልጣኞቹ የድል ጉርሻ ይቆረጥ፤ ውሉ ሲፈረም ይህ እንዲጻፍበት ማድረግ የማይቻል ነገር አይደለም።

ሁለተኛው፣ አሠልጣኙን ማን ይይዘዋል የሚል ነው። የሚሺጋኑ ጂም ሃርቦ በጥር 2024 የአገሪቱን ዋንጫ በወሰደ በሁለት ሳምንት ገደማ ወደ ፕሮፌሽናሉ ሊግ፣ ወደ ሎስ አንጀለስ ቻርጀርስ ሄደ። ኮሚቴው በኋላ የአሥር ዓመት የኮሌጅ እገዳ ጣለበት፤ ፕሮፌሽናሉ ሊግ ግን ለዚህ እገዳ የመታዘዝ ግዴታ የለበትም። «አይቻልም» የሚሉኝ አሉ። ተችሎ ያውቃል! በ2011 የኦሃዮ ስቴቱ ቴሬል ፕራየር በኮሌጅ የተጣለበትን የአምስት ጨዋታ እገዳ ሳይፈጽም ወደ ፕሮፌሽናሉ ሊግ ሲገባ፣ የሊጉ ኮሚሽነር እዚያው እንዲፈጽመው አድርጓል። ትሬሰልም ኢንዲያናፖሊስ ኮልትስ በሚባለው ፕሮፌሽናል ቡድን በአማካሪነት ሲቀጠር ሥራውን ዘግይቶ ከዓመቱ አጋማሽ በፊት ገደማ እንዲጀምር ተደርጓል። የሃያ ሁለት ዓመቱን ልጅ የተከተለ ቅጣት የስልሳ ዓመቱን አሠልጣኝ የማይከተልበት ምክንያት አይታየኝም።

እንግዲህ የእኔ አቋም ይህ ነው። ያጠፋው ሰው በሄደበት ይከተሉት፤ በጥፋት የተገኘው ዋንጫና ገንዘብ ይመለስ፤ በጥፋቱ ጊዜ ያልነበረ ተማሪ ግን ከውድድር አይታገድ። ተማሪዎች አሁን በዝውውር ፖርታል፣ ማለትም ቡድን መቀየር የሚፈልጉ አትሌቶች በሚመዘገቡበት መዝገብ፣ ወደ ሌላ ኮሌጅ መሄድ ይችላሉ የሚሉ አሉ። ለሁለተኛ ዓመት ተማሪ እውነት ነው። ሊመረቅ አንድ ሴሚስተር የቀረው፣ ነጥቦቹ ሁሉ የማይተላለፉለት ልጅ ግን የት ይሂድ?

ስለ ዛሬው ሁኔታ ጥቂት ብዬ ላብቃ። ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ተማሪዎች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ተፈቅዶላቸዋል። በሰኔ 2025 ደግሞ በጸደቀው የፍርድ ቤት ስምምነት መሠረት ኮሌጆች ራሳቸው በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ለአትሌቶቻቸው ማካፈል ይችላሉ። ትናንት ወንጀል የነበረው ብዙው ነገር ዛሬ ውል ሆኗል። ሬጂ ቡሽ በ2010 የተወው የሃይዝማን ዋንጫ፣ ማለትም የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ፉትቦል ተጫዋች ሽልማት፣ በ2024 የተመለሰለትም በዚህ ምክንያት ነው። የዩኤስሲ ልጆች ያጡትን ሁለት ዓመት ግን የሚመልስ የለም። ደንቡም አልጠፋም፤ ከውጭ ድርጅቶች ጋር የሚደረግ 600 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ ውል ሁሉ አሁን ለምርመራ ይቀርባል፤ የሚመረምረውና የሚቀጣውም የኮሌጅ ስፖርት ኮሚሽን የሚባል አዲስ አካል ነው። ስለዚህ ልጆቻችሁ ከገንዘቡ ጋር አዲስ የቅጣት በርም እየተከፈተላቸው ነው።

ውድ ወላጆች፣ አሠልጣኝ ቤታችሁ ለምልመላ መጥቶ ሲቀመጥ፣ ስለ ስታዲየሙና ስለ ልምምድ ጫማው ከመጠየቃችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁልኝ። ቡድኑ አሁን በምርመራ ሥር ነው ወይ? እገዳ ቢጣል የልጄ ስኮላርሺፕ ይቀጥላል ወይ? እርስዎ ቢለቁ ልጄን ከውሉ የሚፈታው ማን ነው? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ በቃል የተባለውን አሠልጣኙ ሲሄድ ይዞት ይሄዳል። እናንተ ተማሪዎች ደግሞ ማንኛውም ሰው የሚያስፈርማችሁን ወረቀት ከመፈረማችሁ በፊት ለደንብ ቢሮው አሳዩት፤ እዚያ ያሉት ሰዎች ፊታቸው እንደሚመስለው ክፉዎች አይደሉም።

ስለ ሰማችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ማይክሮፎኑ በግራ በኩል አለ፤ ጥያቄ ያላችሁ ተሰለፉ፣ ከተማሪዎቹ እንጀምራለን።